ክላች ሲቀየር የሚመጣው ጥያቄ፦ ቮላኖው ይላግ ወይስ ይለወጥ?

ክላች ለማስቀየር መኪናውን ሙሳኽ ያስገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀትር ላይ ስልክ ይደወልለታል። «ካምቢዮውን አውርደነዋል፤ ጋልጋል ትኑፋውም ተበልቷል። እንለውጠው ወይስ እናስልገው? ቶሎ ንገረን፤ መኪናው ሊፍት ላይ ቦታ ይዟል» ይባላል። ባለመኪናው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ዕቃውን በዓይኑ አላየውም፤ ስሙን የሰማውም ምናልባት ገና አሁን ነው። ከዚህ በኋላ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «አንተ የመሰለህን አድርግ» ይላል። ሌላው «ሌላ ወጪ አልፈልግም፤ ክላቹን ብቻ ቀይረህ ስጠኝ» ይላል። እኛ እንደምናስበው ሁለቱም መልሶች ባለመኪናውን ይጎዱታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተወሰነ ጥገና በመንገድ ላይ ይፈታል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ቮላኖው ይላግ ወይስ ይለወጥ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለበት ካምቢዮው ከወረደ በኋላ በስልክ ሳይሆን፣ መኪናው ሙሳኽ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ነው። መልሱ ደግሞ «ሁልጊዜ ለውጡ» ወይም «ሁልጊዜ አስልጉ» አይደለም። መልሱን የሚሰጡት የቮላኖው ዓይነትና ልኩ ናቸው።

ለምን ይህን ያህል እናወራበታለን?

በእስራኤል አዲስ የሚሸጡት የቤት መኪኖች አብዛኛዎቹ አውቶማቲክ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን በየሰፈራችን ብንመለከት፣ ዕቃ የሚያመላልሱ ቫኖች፣ የግንባታና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መኪኖች፣ እንዲሁም በርካሽ የተገዙ አሮጌ መኪኖች መካከል በእጅ ማርሽ የሚነዱ ብዙ አሉ። ሮቦት ማርሽ የሚባሉት መኪኖችም ከውጭ ሲታዩ አውቶማቲክ ይምሰሉ እንጂ በውስጣቸው ክላች አላቸው። እንዲህ ያለው መኪና ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ገመድ ነው። አውቶቡስ ከመጀመሩ በፊት ለጽዳት ሥራ የምትወጣ እናት፣ በራሱ ቫን ዕቃ የሚያደርስ ልጅ፣ ሠራተኞችን ሰብስቦ የሚወስድ አባት፣ መኪናቸው ለሁለት ቀን ሲቆም የሁለት ቀን ገቢ ይቀርባቸዋል። ከወር በኋላ ያው ጥገና እንደገና ሲደገም ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

ቮላኖ ምንድን ነው?

አገር ቤት መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት፣ እዚህ ጋልጋል ትኑፋ የሚባለው ክፍል፣ በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ በቡሎን የታሰረ ከባድ የብረት ክብ ነው። ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፣ በክብደቱ የሞተሩን እንቅስቃሴ እኩል ያደርጋል፤ ሞተር የሚገፋው በምት በምት ስለሆነ፣ ይህ ክብደት ባይኖር መኪናው ይንዘፈዘፍ ነበር። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ባሉት ጥርሶች ሞተሪኖው ይዞት ሞተሩን ያስነሳል። ሦስተኛ፣ ፊቱ ለስላሳ ሆኖ የክላቹ ዲስክ የሚጣበቅበት ገጽ ነው። እግራችንን ከፍሪሲዮኑ ላይ ስናነሳ፣ ዲስኩ በቮላኖውና ከኋላው በሚጫነው ሳህን መካከል ተጨምቆ ኃይሉን ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዲስኩ ያለቀው ብቻውን አለመሆኑን ነው። ዲስኩ በተፋተገ ቁጥር የቮላኖውም ፊት አብሮ ተፋትጓል፣ አብሮም ግሏል። አዲስ ዲስክ በተቃጠለና በተቦረቦረ ፊት ላይ ማሰር፣ አዲስ ድስት ክዳን በተጣመመ አሮጌ ድስት ላይ እንደመክደን ነው፤ አይገጥምም። አዲሱ ዲስክ ሙሉ ፊቱ ስለማይነካ፣ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ይሸታል፣ ጊዜውም ሳይደርስ ያልቃል።

ሁለት ዓይነት ቮላኖ አለ

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ወጥ ቮላኖ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ብረት ነው። በአሮጌና ቀላል መኪኖች ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እዚህ አገር «ዱ ማሳቲ» የሚባለው፣ ባለ ሁለት ክብደት ቮላኖ ነው። ይህ ሁለት ብረቶች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው ጠንካራ ሞላዎችና ግሪስ አሉ። የሞተሩ ንዝረት ወደ ካምቢዮው እንዳይተላለፍ ሞላዎቹ ይውጡታል። በብዙ የናፍጣ ቫኖችና በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የሚገኘው ይህ ነው። ዋጋው ከወጡ ቮላኖ እጅግ ይበልጣል፤ የክላቹን ሙሉ ዕቃ ዋጋ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። «ክላች ብቻ መስሎኝ ነበር» ብለው ብዙ ሰዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ዓይነት በመኪናችሁ ላይ እንዳለ ለማወቅ መኪናውን መፍታት አያስፈልግም። የመኪናው ፈቃድ ላይ ባለው የሻሲ ቁጥር ዕቃ ሻጩ ወይም ሙሳኹ በካታሎግ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «የኔ መኪና ቮላኖ ወጥ ነው ወይስ ዱ ማሳቲ?» ይህን መመለስ ያልቻለ ሙሳኽ ዋጋ ሊነግራችሁም አይችልም።

ወጥ ቮላኖ ከሆነ

ወጥ ቮላኖ ሊላግ ይችላል። ሥራውን የሚሠራው ኻራት የሚባለው የቶርኖ ባለሙያ ነው። ከፊቱ ላይ የሚነሳው ጥቂት ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት አስረኛ ብቻ። ከዚያ በኋላ ፊቱ እንደገና ጠፍጣፋና ንጹሕ ይሆናል። ዋጋው ከአዲስ ቮላኖ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። እኛም እንላለን፦ ወጥ ቮላኖ ጤነኛ ከሆነ ማስላግ ክብር ያለው፣ ትክክለኛ ጥገና ነው። «የድሃ መፍትሔ» አይደለም።

ነገር ግን ማስላግ የማይሆንባቸው ጊዜያት አሉ፤ እነሱም የሚከተሉት ናቸው።

ስንጥቅ ካለበት። በሙቀት ብዛት ፊቱ ላይ ፀጉር የመሰሉ ጥቃቅን መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ። ላይ ላዩን ያሉት በመላግ የሚጠፉበት ጊዜ አለ። ከተላገ በኋላ ስንጥቁ ካለ ግን ያ ቮላኖ ወደ መኪናው መመለስ የለበትም። በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚዞር ከባድ ብረት ቢሰበር፣ ጉዳቱ የካምቢዮ ብቻ አይሆንም።

ውፍረቱ ከተፈቀደው ካነሰ። አምራቹ ለእያንዳንዱ ቮላኖ ዝቅተኛውን ውፍረት ይወስናል። አንድ ጊዜ የተላገ ቮላኖ ሁለተኛ ጊዜ ሲላግ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «ከተላገ በኋላ ስንት ይቀረዋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥልቅ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ካሉበት። በጣም የጋለ ብረት ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ በዚያ ቦታም ብረቱ ከሌላው ይልቅ ይጠነክራል። የቶርኖ ስለት በእነዚህ ጠንካራ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ዘሎ ያልፋቸውና ትናንሽ ጉብታዎች ይቀራሉ። በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ መላግ ለዚህ የተሻለ ነው። ቃጠሎው ወደ ውስጥ የዘለቀ ከሆነ ግን መለወጥ ይሻላል።

ጥርሶቹ ከተበሉ። ሞተሪኖው የሚይዛቸው ጥርሶች ተሰባብረው ከሆነ ፊቱን መላግ ብቻ አይበቃም። በአንዳንድ ወጥ ቮላኖዎች ላይ የጥርሱ ቀለበት ብቻውን ይለወጣል፤ ይህም ከአዲስ ቮላኖ ሊረክስ ስለሚችል መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ቮላኖዎች ፊታቸው እርከን አለው፤ ዲስኩ የሚያርፍበትና ተጫኙ ሳህን የሚታሰርበት ቦታ ከፍታቸው እኩል አይደለም። እንዲህ ያለው ሲላግ ሁለቱም ቦታ በእኩል መጠን መላግ አለበት። አንዱ ብቻ ከተላገ ሳህኑ ዲስኩን የሚጫንበት ኃይል ይለወጣል፤ አዲሱ ክላችም መንሸራተት ይጀምራል። ጥሩ ኻራት ይህን ያውቃል። እኛም ማወቃችን አይከፋም።

ዱ ማሳቲ ከሆነ

እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። የባለ ሁለት ክብደት ቮላኖ ጤንነት ያለው በፊቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባሉት ሞላዎችም ነው። ፊቱን እንደ መስተዋት ብናስልገው፣ የደከመ ሞላ አይጠነክርም። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ አምራቾች እንዲህ ያለው ቮላኖ እንዲላግ አይፈቅዱም። «ዱ ማሳቲውን ባስልገው በርካሽ ያልቅልሃል» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ጥንቃቄ አድርጉ።

ይሁን እንጂ «ዱ ማሳቲ ስለሆነ የግድ ይለወጣል» ማለትም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ይህ ቮላኖ ይለካል። ሁለቱ ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ ምን ያህል በነፃ ይዞራል? ወደ ፊትና ወደ ኋላስ ምን ያህል ይወዛወዛል? ለእያንዳንዱ ዓይነት አምራቹ የፈቀደው ልክ አለ። ልኩ ውስጥ ከሆነ፣ ግሪስ ካላፈሰሰ፣ ፊቱም ካልተቃጠለና ካልተሰነጠቀ፣ ሊቆይ ይችላል። ከልኩ ካለፈ ወይም ግሪስ ካፈሰሰ ይለወጣል። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ከሥር የሚሰማ የብረት መንኳኳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ድምፅ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ሌላ ክፍልም እንዲህ ሊጮህ ይችላል።

ስለዚህ ሙሳኹ «አልቋል» ሲል፣ «ስንት ለካህ? የተፈቀደውስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ስድብ አይደለም። የላብራቶሪ ውጤት እንደመጠየቅ ነው።

ወጪውን ለማምለጥ ሰዎች የሚሄዱባቸው ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከፒሩኪም አሮጌ ዱ ማሳቲ መግዛት ነው። የውስጡ ድካም ከውጭ ስለማይታይ፣ እኛ ይህን አንመክርም። ሁለተኛው ዱ ማሳቲውን አውጥቶ በምትኩ ወጥ ቮላኖ ከተስማሚ ክላች ጋር ማሰር ነው። ለአንዳንድ መኪኖች ለዚህ የተዘጋጀ ሙሉ ዕቃ ይሸጣል። ነገር ግን ሞላዎቹ ይውጡት የነበረው ንዝረት በከፊል ወደ ካምቢዮውና ወደ ነጂው ይመጣል። ይህን የመረጠ ሰው አውቆ ይምረጥ። ሳይነገረው የተደረገበት እንደሆነ ግን ተታሏል።

የሁለቱንም ወገን እንስማ

«ሁልጊዜ ለውጡ» የሚሉ ሙሳኾች ሁሉ አታላዮች ናቸው ማለታችን አይደለም። የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ቮላኖውን ወደ ኻራት ልኮ እስኪመለስ መጠበቅ ሊፍታቸውን ይይዝባቸዋል። የተላገው ቮላኖ ቢንቀጠቀጥ ደንበኛው የሚመለሰው ወደ እነሱ እንጂ ወደ ኻራቱ አይደለም። አዲስ ዕቃ ሲያስሩ የዕቃው ዋስትና ይከላከልላቸዋል። ይህን ሁሉ እንረዳለን። ነገር ግን የእነሱን ሥጋት ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ደንበኛው ከሆነ፣ ደንበኛው ቢያንስ ምርጫ እንዳለው ሊነገረው ይገባል።

በሌላ በኩል «ክላቹን ብቻ» የሚሉ ወገኖቻችንንም እንረዳለን። ወሩ አላልቅ ሲል ማንም ተጨማሪ ወጪ አይፈልግም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የወሰድናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የጉልበት ዋጋ 1,500 ሼቄል፣ የክላች ዕቃ 1,500፣ ማስላጊያ 400 ነው እንበል። ከነመላጉ 3,400 ይሆናል። 400ውን ለመቆጠብ 3,000 ከፍሎ የወጣ ሰው፣ መኪናው ተንቀጥቅጦ ከተመለሰ ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት። 1,500 ጉልበት፣ 400 ማስላጊያ፣ አዲሱ ዲስክም ተበላሽቶ ከሆነ ሌላ 1,500 ይጨመራል። በጠቅላላው 6,400 ይደርሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በክላች ሥራ ውስጥ ውዱ ነገር መድረስ ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ ያለውን ሁሉ አይቶ መጨረስ ይገባል። ለዚህም ነው ካምቢዮው በወረደበት ጊዜ የሞተሩ የኋላ ዘይት መከላከያ ጎማ መታየት ያለበት፤ ከዚያ የሚያፈስ ዘይት አዲሱን ዲስክ ያበላሸዋል። ክላቹን የሚገፋው ኩሽኔታም ከክላቹ ጋር አብሮ ቢለወጥ ይሻላል።

ደግሞ ከሁሉ በፊት መኪናው ራሱ ስንት ያወጣል? ዱ ማሳቲ ቮላኖ ከነክላቹ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአሮጌ መኪና ከዋጋው ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የሌዊ ይጽሓቅ መኺሮን የመኪናውን ግምት ይነግራችኋል። ቴስቱ ቀርቦ ሌላም ጥገና የሚጠብቀው ከሆነ፣ ገንዘቡን ከማፍሰስ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ይምከር።

ቋንቋና መብት

በብዙ ቤት እንዲህ ያለውን ስልክ የሚመልሰው ልጅ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሆኖ ስለ ዱ ማሳቲ ከሙሳኽ ኃላፊ ጋር እንዲደራደር ማድረግ ለልጁም ከባድ ነው፤ ለአባትም ክብር አይደለም። ልጆቻችን ማገዛቸው መልካም ነው። ነገር ግን ቢያግዙ የሚሻለው አስቀድመው፣ ጽሑፉን ተቀምጠው በማንበብ ነው። ውሳኔው የወላጅ ይሁን።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ ደንበኛውን እንዳያሳስት ይከለክላል። ከዚህም አልፎ፣ ደንበኛው ውሉ የሚደረግበትን ቋንቋ በበቂ እንደማያውቅ እያወቀ ይህንን መጠቀሚያ እንዳያደርግ ይከለክላል። ይህን ሁሉም ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። ዕብራይስጥ አለመቻል ነውር አይደለም፤ በዚያ መጠቀም ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ሙሳኾችም ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ የተሽከርካሪ ዘርፍ አገልግሎቶችን ፈቃድ የሚመለከተው ሕግ በ2016 ወጥቷል። ፈቃዱን ልታዩ ትችላላችሁ።

ክርክር ቢነሳ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንና የእስራኤል የሸማቾች ምክር ቤት አሉ። ለአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤትም ያለ ጠበቃ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን በእጁ ወረቀት የሌለው ሰው በየትኛውም ቦታ ይቸገራል። «ሰውየው የኛ ሰው ነው፤ በቃል ተስማምተናል» ማለት ፍቅርን ያሳያል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ከወገን ጋር የተጻፈ ወረቀት ወገንነትን አያፈርስም። እንዲያውም ከጥል ይጠብቃል።

መኪናውን ከማስገባታችሁ በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።

1. ቮላኖው ወጥ ነው ወይስ ዱ ማሳቲ?
2. የዋጋ ማቅረቢያው (ሃጻዓት መኺር) በጽሑፍ፣ በሁለት መንገድ ይሰጠኝ፦ ክላች ከማስላግ ጋር ስንት፣ ክላች ከአዲስ ቮላኖ ጋር ስንት? ዱ ማሳቲ ከሆነ፦ ቮላኖው ልኩን ካለፈ ስንት፣ ካላለፈ ስንት?
3. ዋጋው ማዓምን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ከጥር 2025 ጀምሮ ማዓም 18 በመቶ ነው። «3,000» የተባለው ያለ ማዓም ከሆነ፣ የምትከፍሉት 3,540 ነው።
4. ዕቃው መኮሪ ነው፣ ታኽሊፊ ነው ወይስ ያገለገለ? የአምራቹ ስም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።
5. የሚላግ ከሆነ የት ይላጋል? በስለት ነው ወይስ በድንጋይ? ከተላገ በኋላ ውፍረቱ ተለክቶ ይጻፍልኝ።
6. ካምቢዮው ሲወርድ የቮላኖውን ፊት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ሳልፈቅድ ተጨማሪ ሥራ አትጀምሩ።
7. አሮጌዎቹን ዕቃዎች አስቀምጡልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ። አሮጌው ቮላኖ ተቀማጭ የተከፈለበት ከሆነም ከመመለሱ በፊት ልየው።
8. አኻራዩቱ ለዕቃውም ለጉልበቱም ስንት ወር ወይም ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በኼሽቦኒቱ ላይ ይጻፍ።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ፎቶው ሲመጣ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ስንጥቅ ወይም ቡርቡር ካያችሁ፣ ሙሳኹ የሚላችሁን ትረዳላችሁ። ፊቱ ንጹሕና እኩል ሆኖ «አልቋል» ከተባለ ደግሞ ጥያቄ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላችሁ። በስልክ ሲጠየቁ ወዲያው መመለስም ግዴታ አይደለም። «ፎቶውን ልየውና ከአንድ ሰዓት በኋላ እደውላለሁ» ማለት ይቻላል።

በመኪናው የሚሠራ ሰው፣ በተለይ ዖሴቅ ሙርሼ የሆነ፣ ኼሽቦኒቱን ለሒሳብ ሠራተኛው ይስጥ። ያለ ደረሰኝ የሚደረግ «የቅናሽ» ክፍያ መጨረሻ ላይ ቅናሽ አይደለም። ማዓሙን ያስቀራል፤ አኻራዩቱንም ያሳጣል።

ከጥገናው በኋላ

አዲስ ክላች የተገጠመለት መኪና መጀመሪያ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በእርጋታ ይነዳ። ከባድ ጭነትና በጋዝ መነሳት ዲስኩና ቮላኖው ሳይለማመዱ ያግላቸዋል። ከዚያም በኋላ ቮላኖን የሚያቃጥሉ ልማዶች ይታወቃሉ። ዋናው ቀዩ መብራት ላይም ሆነ በመንገድ ላይ እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መነዳት ነው። እንደ ሐይፋ፣ ኢየሩሳሌምና ጽፋት ባሉ ዳገታማ ከተሞች መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮንና በጋዝ ይዞ መቆምም ያው ነው። መኪናውን ልጅም አባትም የሚነዱት ከሆነ ይህ ለሁለቱም ይነገር። የእጅ ፍሬን መሳብ ምንም አያስከፍልም።

መኪናው ከወጣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ፣ ከሸተተ ወይም ከጮኸ «ይለምዳል» ተብሎ አይታለፍ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፋችሁ ወዲያው ተመለሱ። መዘግየት ለሙሳኹ «በአነዳዳችሁ ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል

ይህ ገጽ የሥራም ገጽ ነውና አንድ ነገር እንጨምር። ከላይ ያልነው ሁሉ የሚታመንና የሚለካ ባለሙያ ይፈልጋል። መካኒክነትም ሆነ የቶርኖ ሙያ በእጅና በአእምሮ የሚሠራ፣ የሚከበር እንጀራ ነው። ደንበኛውን በአማርኛም በዕብራይስጥም ማስረዳት የሚችል ወጣት፣ ልኩን አሳይቶ «ይህ ይቆያል፣ ይህ አይቆይም» የሚል፣ በየከተማው ያስፈልገናል። ልጁ ብረት መፍታት የሚወድ ወላጅ በዚያ አይፈር።

የእኛ አቋም በአጭሩ ይህ ነው። ወጥ ቮላኖ ጤነኛና በልኩ ከሆነ ይላግ፤ በከንቱ አይጣል። የተሰነጠቀ፣ የቀጠነ ወይም እስከ ውስጡ የተቃጠለ ከሆነ ይለወጥ፤ ለጥቂት መቶ ሼቄል ተብሎ አይመለስ። ዱ ማሳቲ ከሆነ ይለካ፤ ልኩን ያለፈ ይለወጥ፤ ያላለፈ ይቆይ። ሳይታይና ሳይለካ የሚሰጥ መልስ ግን፣ ርካሹም ውዱም፣ ተቀባይነት አይኑረው። የምንከፍለው ከላባችን ነው፤ ለምን እንደምንከፍል ማወቅ መብታችን ነው።